አምስት እኩል፣ አሥራ ሁለት እኩል

ሐምሌ 8፣ ከልምምድ በኋላ

ዛሬም አልገጠመም። አኮርዲዮኑን ዘግቼ ጥግ አስቀመጥኩት። ትከሻዬ በማንጠልጠያው ቆስሏል። ዋሽንት ነፊዎቹ ደከመን አይሉም፤ የት/ቤቱ በረንዳ ላይ ተደርድረው ለራሳቸው ይነፋሉ፣ ይሳሳቃሉ። ለብቻቸው ሲነፉ ሰው መንገዱን ትቶ ይሰማል። እኔ ስገባ ይበላሻል።

ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ ደብተሬ። ጂንካ ውስጥ ኖታ የማነብ እኔ ብቻ ነኝ። የአውራጃው ኪነት ቡድን አሠልጣኝ ተብዬ ከአዲስ አበባ ስመደብ አኮርዲዮንና መዝሙር ነበር ሥራዬ። አሁን የባህል ኃላፊው ጓድ ተፈራ ለአብዮት በዓል የአካባቢው የአሪ ሰዎች ዋሽንትና አኮርዲዮኑ አንድ ላይ ይሰማ ብሏል። ከአርባ ምንጭ እንግዶች ይመጣሉ።

ሐምሌ 11

ገባኝ። ባይገባኝ ይሻል ነበር።

ስድስት ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ የቀርከሃ ዋሽንት፣ ለእያንዳንዱ ዋሽንት አንድ ድምፅ። ዜማው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው የሚሄደው። ዛሬ አንድ በአንድ አስነፋኋቸው፣ እኔ ቁልፎቼ ላይ ፈለግኩ። ትልቁና ትንሹ ዋሽንት ከእኔ ጋር ይስማማሉ፤ በመካከላቸው አንድ ሙሉ ኦክታቭ፣ ያው ድምፅ ቀጥኖ እስኪደገም ያለው ርቀት፣ አለ። ጉዱ መሀል ላይ ነው። የእኔ አኮርዲዮን ያንን ኦክታቭ አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ይከፍለዋል። የእነሱ አምስት ቦታ፤ እኩል ነው ማለት ይቻላል። አንዱ የእነሱ እርምጃ ከሁለት የእኔ እርምጃ ይበልጣል፣ ከሦስት ያንሳል። ከመሀሎቹ አራት ሁለቱ ለቁልፎቼ ይቀርባሉ፣ ይታለፋል። የቀሩት ሁለቱ በቁልፍና በቁልፍ መካከል ይወድቃሉ። እዚያ ቦታ ላይ እኔ ምንም የለኝም።

ሙዚቃ ት/ቤት ሳለን አንድ አስተማሪ ኦክታቭን አሥራ ዘጠኝም ሠላሳ አንድም እኩል የሚከፍሉ አሉ ሲለን ሥራ ፈቶች ናቸው ብለን ሳቅን።

ሐምሌ 14፣ ቅዳሜ

ጓ. ተፈራ ቢሮ። በእርሳስ መስመር አስምሬ አሳየሁት። አምስት በዚህ፣ አሥራ ሁለት በዚያ። በጥሞና አየ። ተራ በተራ ይጫወቱ አልኩት፤ መጀመሪያ ዋሽንቱ፣ ከዚያ አኮርዲዮኑ።

“የምናሳየው አንድነት ነው፣ ጓድ ሰናይት። ተራ በተራ ውስጥ አንድነት የለም።”

ክፉ ሰው አይደለም። ከሱ በፊት የነበረው ኃላፊ በዓል ተበላሽቶበት ወደ ሩቁ በረሃ፣ ኦሞራቴ ተላከ፤ ሚስትና ልጆቹ እዚህ ቀሩ። ተፈራ ይህንን አንዴም አላነሳም። ሁለታችንም ግን እሱን እያሰብን ነበር።

ሐምሌ 20

በቁልፎቼ ልክ አዲስ ዋሽንት እንሥራ አልኩ። የነፊዎቹን መሪ አቶ ጋልታን ጠየቅኋቸው። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ሲቀመጡ ዋሽንታቸውን ከጉልበታቸው የማያነሱ ሰው። አይሆንም አሉ። ቀርከሃው ከላይ ከደጋው ይመጣል፣ በበጋ ይቆረጣል፣ ከእሳት በላይ ተሰቅሎ ጭስ እየጠጣ ወራት ይቆያል። አሁን ዝናብ ነው፤ እርጥቡ ይሰነጠቃል። እኔን እያጽናኑ ነው የነገሩኝ፣ ጥፋቱ የሳቸው ይመስል።

ሐምሌ 27

ዛሬ ደስ ብሎኛል! አኮርዲዮኑን ፈታሁት። ውስጡ ያሉትን የብረት ምላሶች፣ የሁለቱን ድምፆች ብቻ፣ በቀጭን ሞረድ ቀስ እያልኩ ፋቅኩ። ከዋሽንቶቹ ጋር እስኪገጥሙ። ከዚያ በረንዳው ላይ አብረን ተጫወትን። ድምፁ አንድ ሆነ፣ ሆዴ ውስጥ ገባ። አቶ ጋልታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከት/ቤቱ አጥር ውጭ ሰው ተሰበሰበ። አለቀስኩ። ምን እንዳስለቀሰኝ አላውቅም።

ነሐሴ 2

ለአንድ ሳምንትም አልቆየ። ብሔራዊ የሕዝብ መዝሙሩም በዚሁ አኮርዲዮን ነው የሚጀመረው። ያን ረስቼ አይደለም፤ መዝሙሩ የተፋቁትን ሁለት ድምፆች ብዙም አይነካ ይሆናል ብዬ ነበር። ነካ። መዝሙሩ አነከሰ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ጓ. ተፈራ በር ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

“በመዝሙሩ ላይ? ታስቢዋለሽ ግን?”

ሁለተኛ አኮርዲዮን የለንም። ምላሶቹን ወደነበሩበት መለስኩ፤ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ጓ. ተፈራ ወሰነ፦ አኮርዲዮኑ የማይነካ ከሆነ ያልገጠሙት ሁለቱ ዋሽንቶች ይቆረጡ። ቀርከሃ ሲያጥር ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህንን ራሴ ነኝ ያስረዳሁት። በመስመሬ ላይ።

ነሐሴ 9

ተቆረጡ።

የት/ቤቱ አናጢ መጋዙን ይዞ ቆመ፤ የት ጋ እንደሚቆርጥ እኔ ምልክት እስካደርግ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ዋሽንት የአቶ ጋልታ ልጅ ንብረት ነው። ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል፤ እስኪመለስ የአጎቱ ልጅ ይነፋለታል። ይህንን ዛሬ ነው የሰማሁት። አቶ ጋልታ ዋሽንቱን ሰጡኝና ጠየቁኝ፦

“አስተማሪ፣ ከተቆረጠ በኋላ ይረዝማል?”

“አይረዝምም፣ ጋሼ ጋልታ።”

“ልጁ ሲመጣስ?”

ጓ. ተፈራን አየሁት፤ መስኮት መስኮቱን ያያል። እምቢ ብል ሌላ ሰው በግምት ይቆርጠዋል፣ ጨርሶ ይበላሻል አልኩ ለራሴ። ምናልባት እውነት ነው። እርሳሱን ይዤ አሰመርኩ። ሁለት ጊዜ።

ነሐሴ 23

ገጥሟል። ጓ. ተፈራ አጨበጨበ፤ ከልቡ ነው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ስድስቱም ሰዎች በሰዓቱ ይመጣሉ፣ ያልኳቸውን ይነፋሉ፣ ይሄዳሉ። በረንዳው ላይ የሚቀር የለም።

መስከረም 2፣ ከሰዓት

ዝናብ። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋትም አላባራ። የአውሮፕላን ሜዳው ጭቃ ሆነ። ሁላችን ዩኒፎርም ለብሰን፣ ሰንደቅ ይዘን ቆመናል። የእንግዶቹ አውሮፕላን መጣ፤ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ዝቅ አለ። ከዚያ ወደ አርባ ምንጭ ተመለሰ። ድምፁ ጠፍቶም ሕዝቡ ቀና ብሎ ቆሞ ነበር።

ስብሰባው አጭር ሆነ። ንግግር ተነበበ። መዝሙሩን ከቴፕ በድምፅ ማጉያ ለቀቁት፤ አኮርዲዮኑ እንዳይረጥብ ተብሎ። እኛን የጠራን የለም። ጓ. ተፈራ አጠገቤ መጥቶ ቆመ፣ ውሃው ከባርኔጣው ይንጠባጠባል። 

አቶ ጋልታና ሰዎቻቸው ዋሽንቶቹን በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ወደ ቤታቸው፣ ወደ ላይ ወጡ።

መስከረም 5፣ ቅዳሜ

አቶ ጋልታ ከገበያ መልስ ቤቴ መጡ። ግቡ አልኳቸው፤ አልገቡም። ቁራጮቹን ፈልገው ነው። ከመጋዙ በታች የወደቁትን ሁለት ትናንሽ የቀርከሃ ቀለበቶች። ዋሽንቱ ላይ ቁራጩ ሲጨመር የድሮው ቁመት ይወጣል፤ በሱ ለክተው በበጋ አዲስ ሊሠሩ። ቀላል ነገር። ለምን አላሰብኩትም!

እየሮጥኩ ወደ አናጢው። ሰጋቱራው ተጠርጓል፣ ተቃጥሏል። አመዱን በእንጨት ቆሰቆስኩ። ምንም። እርሳሴ ያሰመረው ቁመት ስንት እንደነበር አልለካሁም። በጆሮ ነበር የሠራሁት።

መስከረም 8

እንግዲያስ በሒሳብ። ኦክታቩን አምስት እኩል ከፍዬ ቁመቱን አሰላሁ። ውስጡ ክፍት ከሆነ የፓፓያ ቅጠል ዘንግ ቆርጬ ነፋሁ። ትክክል ነው? አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ የድሮውን ድምፅ ለማስታወስ ሞከርኩ። ስሰማው የከረምኩት ስህተት ነው እያልኩ፣ ወደ ቁልፌ እየጎተትኩ ነው። አሁን ሳስታውሰው ቁልፌ ላይ ያርፋል። ሌላ ቦታ እምቢ ይለኛል። አምላኬ።

መስከረም 12፣ ቅዳሜ

የሠራሁትን ለአቶ ጋልታ ሰጠኋቸው። ነፉ። ደግመው ነፉ።

“ቅርብ ነው።” ዘንጉን መለሱልኝ፦ “እሱ አይደለም።”

ድምፁ ይቅጠን ወይስ ይወፍር አልኩ። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። የነሱ አምስቱ በትክክል እኩል አልነበሩም ማለት ነው፤ በስንት እንደሚዛነፉ ደግሞ ሒሳቤ አያውቅም። የልጁ ድምፅ ነው፣ ልጁ ያውቀዋል አሉኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ከልጃቸው ወሬ መጥቶ እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈልጌ አልቻልኩም።

ኅዳር ሲገባ ቀርከሃ ሊቆርጡ ወደ ደጋው ይወጣሉ። እዚያ ሌሎች ነፊዎች አሉ፤ ያንን ድምፅ የሚያስታውስ ሽማግሌ ይገኝ ይሆናል፣ ላይገኝም ይችላል። ልምጣ አልኳቸው። መንገዱ ዳገት ነው አሉኝ። ብቻ እንዳትመጪ አላሉኝም።

ጓ. ተፈራ ፈቃድ ቢሰጠኝም ባይሰጠኝም እሄዳለሁ።