የዚምባብዌ ለቅሶ በመሐል ሜዳ

ሰኞ

ዛሬም ሦስት ሬሳ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አውቶቡሱ የሚቆምበት ሜዳ ላይ አስተኝተዋቸዋል። ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አላነበብኩትም፤ «ፀረ አብዮት» እንደሚል አሁን የማያውቅ ማን አለ? አንዱን በጫማው ለየሁት። ጌታቸው ነው፣ የእማማ አጸደ ልጅ። አምና እንግሊዝኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ፀጉሩ ላይ አመዳይ ወርዶበታል።

እማማ አጸደ እየሮጡ መጡ። ጥበቃው ጠመንጃውን አዙሮ፣ «ያለቀሰ ከጎናቸው ይተኛል» አለ። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ቆሙ። ከጉሮሯቸው የሚወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። እኔም ቆምኩ። ምን ላድርግ? ሽመልስ በእጃቸው ነው። ያለኝ አንድ ወንድም እሱ ነው፤ እናታችን ስትሞት «አደራሽን» ያለችኝ በሱ ነው። ወረቀት በትነሃል ብለው ከወሰዱት ወር ሊሞላው ነው። ለሌላ ሰው ልጅ አልቅሼ የራሴን ላስገድል?

ከሰዓት በኋላ ሬሳዎቹን በጭነት መኪና ወሰዷቸው። የት እንደተቀበሩ የሚናገር የለም። ልብሳቸውን ብቻ ቀበሌው በር ላይ ለየእናቶቻቸው ወረወሩላቸው። የጌታቸው ሸሚዝ ደረቱ ላይ ሁለት ቦታ ተበስቷል።

የሽመልስን ስንቅ አደረስኩ። ተቀበሉኝ። ስንቅ ከተቀበሉ ሰውዬው በሕይወት አለ ማለት ነው። ተመስገን።

ማክሰኞ

ጓድ ዘለቀ ቢሮው አስጠራኝ። ካድሬያችን ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ከመጣም ዓመት ያልሞላው። ገባሁ። ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ፤ ፈገግታው ከቁጣው የባሰ ያስፈራል።

«ጓድ የትምወርቅ፣ ሐሙስ እንግዳ አለብን። የዚምባብዌ ታጋይ ነው» አለኝ። እኛ አገር ወታደራዊ ሥልጠና ከሚወስዱት አንዱ ነው። አገራቸውን የያዙት ነጮች በአውሮፕላን ሄደው ጎረቤት አገር ያለውን የስደተኛ ሰፈራቸውን ደብድበው ሕዝቡን ፈጅተዋል። በየከተማው ሰልፍ እየተደረገ ነው። እኛም ለሟቾቹ እናለቅሳለን፣ ለተረፉት ልብስ እንሰጣለን። ማስታወቂያውን የምጽፈው እኔ፣ የማስተረጉመው እኔ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰልፉ ካማረ የወንድምሽን ጉዳይ እኔ ራሴ አየዋለሁ» አለ። እጁን ልስመው ምንም አልቀረኝ! ኋላ ቤቴ ገብቼ በራሴ አፈርኩ።

ግን እውነቱን ለመናገር ዚምባብዌዎች ያሳዝኑኛል። ክፍል ውስጥ ካርታ ላይ ሳሳይ ልጆቹ «ለምን በገዛ አገራቸው?» ብለው ሲጠይቁኝ እኔም እናደዳለሁ። ነፃ ይውጡ፣ ከልቤ ነው የምለው። የሚያንገበግበኝ ለእነሱ ጮክ ብለን እንድናለቅስ መታዘዛችን፣ ለጌታቸው ግን አፍ ውስጥ ነጠላ መጎስጎሱ ነው።

የሚሠራ፦ አቡጀዲው ላይ መፈክር መጻፍ። ካርታ መሳል። ልብሱ የሚከመርበት ሸራ መዋስ። የጥሪውን ነገር መጨረስ።

ረቡዕ

የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ባትሪ ጨርሷል። ጓድ ዘለቀ፣ «የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ይጥራ!» አለ። ጋሽ ወርቄ መጡ። ሰው ሲሞት ከተማውን እየዞሩ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ተከልክለው ጥሩምባቸው ተሰቅሏል። የጻፍኩትን አነበብኩላቸው፦ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሬሳቸው ላልተገኘ የዚምባብዌ ሙታን ስለሚለቀስ ሁሉም ሰው ልብስ ይዞ ሜዳው ላይ እንዲገኝ።

«ልብስ ይዞ? ለለቅሶ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ይንፉ በቃ፣ ሰዓቱ ሄደ» አልኳቸው። ወሬ ማብዛት መስሎኝ ነበር።

ትንሽ ትክ ብለው አዩኝና፣ «እንግዲህ ከመንግሥት ከሆነ» ብለው ሄዱ። ጥሩምባው ሲነፋ ከተማው ፀጥ አለ። የሱቅ በር ሲዘጋ ሰማሁ። እኔ ሞኟ ለመፈክሩ ቀለም እበጠብጣለሁ!

ሐሙስ

ማታ ነው የምጽፈው።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሴቶቹ ከየሰፈሩ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዳንዷ ፀጉሯን ተላጭታለች። ጓድ ዘለቀ ደስ ብሎት፣ «ንቃት ማለት ይኼ ነው!» ይለኛል። እኔ ያኔ ገባኝ።  በእኛ አገር ሬሳው ያልተገኘ ሰው ሲለቀስለት መሀል ላይ የሚዘረጋው ልብሱ ነው። ልብስ አምጡ፣ ልናለቅስ ነው፣ ብዬ የእድር ጥሩምባ አስነፋሁ! ጓድ ዘለቀ እንግዳ ነው፣ ላያውቅ ይችላል። እኔ የመንዝ ልጅ ሆኜ!

እንግዳው ጓድ ቴንዳይ ይባላል። ገና ወጣት ነው፣ ግራ ፊቱ ተቃጥሎ ጠባሳ ሆኗል። እሱ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው ሳለ አውሮፕላን መጣ። የወገን መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡለት። ከዚያ እሳት ወረደ። የሸሸውን ከሄሊኮፕተር የወረዱ ወታደሮች እየተከተሉ ጨረሱት። እህቱን ከተደበቀችበት ጉድጓድ ሲያወጣት ቆዳዋ እጁ ላይ ቀረ። በሦስተኛው ቀን በግሬደር አንድ ላይ ቀበሯቸው፣ ማን የት እንዳለ አይታወቅም። ይኼንንም ተረጎምኩ።

እማማ አጸደ ብድግ አሉ። ሸራው ላይ የጌታቸውን ሸሚዝ ዘረጉ። ከሥሩ ሱሪውን፣ ከሱሪው ሥር ጫማውን። እጅጌውን ግራና ቀኝ አስተካከሉለት። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ጥለው ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ አወረዱ፦

የሩቅ አገር ልጅ ሆይ፣ ስምህ ምን ነበረ፣
ሸሚዝህ ከደረት ምነው ተሸነቆረ።

ሜዳው ተናወጠ። ሌሎቹም እየመጡ ልብስ ዘረጉ። ሹራብ፣ ቁምጣ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ በርኖስ። ሸራው ላይ ሰው የተኛ መሰለ። ፊታቸውን ነጩ፣ ደም ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ስንት ወር የታፈነ ለቅሶ ነው! እማማ አጸደ ድንገት «ጌታቸው!» ብለው ጮኹ። እንደሳቸው ልጇን ያጣችው ብርቄ ተከተለቻቸው፣ «መስፍን!» አለች። ከወደ ኋላ አንዲት ሌላ እናት፣ «ታደሰ፣ አንተ ታደሰ!»

የጓድ ዘለቀ እጅ ወደ ሽጉጡ ሄደ። ጥበቃዎቹ መሣሪያቸውን አቀባበሉ። ቴንዳይ ወደኔ ጎንበስ ብሎ፣ የሚጠሩት ስም የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጓድ ዘለቀ፣ «ምን አለ? ምን ልትይው ነው?» እያለ ክርኔን ጨብጦኛል።

ምላሴ ራሱ ተናገረ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጮክ ብዬ፣ «የእናንተን ሙታን ስም ስለማናውቅ ሴቶቹ ከእኛ ስም ይዋሱላቸዋል። ወጋችን ነው» አልኩ።

ቴንዳይ ቆቡን አወለቀ። ሸራው አጠገብ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ፣ የእህቱን ስም ጠራ። ሴቶቹ ከበቡት፣ ስሟን ተቀብለው አለቀሱላት። ጥበቃዎቹ መሣሪያቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እንግዳ ፊት ምን ያደርጋሉ? ቴንዳይ ሲሄድ የጌታቸውን ሸሚዝ ራሱ አጥፎ ያዘ።

የእንግዳው መኪና ዞር ሲል ጥበቃዎቹ ሴቶቹ ላይ በሰደፍ ገቡባቸው። አንዷ ጥርሷን ስትተፋ አየሁ። እማማ አጸደን ፀጉራቸውን ይዘው ጎተቷቸው። ሁለት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮሱ፣ ሕዝቡ ተበተነ።

አርብ

ጓድ ዘለቀ ከደብረ ብርሃን አለቆቹ ሙገሳ ደርሶታል። እንግዳው እንዲህ ያለ አቀባበል የትም አላየሁም ብሎላቸዋል። ቢሆንም ፊቱ ጠቁሯል።

«ሽማግሌዎቹን ጠየቅኩ። ስም መዋስ የሚባል ወግ የላችሁም» አለኝ። ወረቀት ገፋልኝ። «የፀረ አብዮት ስም ጠርተው ያለቀሱትን ጻፊ። ሁሉንም ታውቂያቸዋለሽ። አለዚያ ከነገ ጀምሮ ስንቅ ማመላለስ አይጠበቅብሽም።»

ስንቅ አይጠበቅብሽም። ልጇን የገደሉት ዕለት የታደሰን እናትም እንዲሁ ነበር ያሏት።

ተቀመጥኩ። እስክሪብቶውን አነሳሁ። አላየሁም ልለው አሰብኩ፣ ክርኔን ጨብጦ ቆሞ ነበር እኮ! ያሳደግኩት የሽመልስ ፊት መጣብኝ። ጻፍኩ። ሦስት ስም። አጸደ። ብርቄ። የታደሰ እናት። ሌሎቹን ተውኳቸው። ይኼን እንደ ደግነት ልቆጥረው ፈለግኩ፣ አስጠላኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ወሰዷቸው። ትምህርት ቤታችን ከቀበሌው ጀርባ ነው፣ ቅዳሜ ልጆች የሉም፣ እኔ ፈተና አርማለሁ ብዬ ሄጄ ነበር። ለምን ሄድኩ? ወፌ ላላ ሲያደርጓቸው ሰማሁ። እጅና እግር አስሮ ዘቅዝቆ ሰቅሎ ውስጥ እግርን መግረፍ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱ ሲወርድ ያፏጫል። ብርቄ መጀመሪያ ትለምን ነበር። ኋላ «መስፍን» ብቻ ትል ጀመር። ከዚያ እሱንም ተወች። እኔ ጆሮዬን ይዤ ጠረጴዛ ሥር ተቀመጥኩ።

የሽመልስን ስንቅ ተቀበሉኝ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። 

ሰኞ

ሽመልስ ተፈታ!

ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት። ቅማል ወርሶታል፣ ሁለት ጥፍር የለውም፣ ግን ይስቃል። አቅፌው ጮህኩ። ጎረቤት እልል ሲል ዝም አስባልኳቸው። «ምነው እቴ፣ አልተደሰትሽም እንዴ?» አለኝ ሽመልስ። ገንፎ አበላሁት። የተኛበት ሄጄ አሥር ጊዜ ትንፋሹን ሰማሁ። እንደገና ቢጠይቁኝ እንደገና እጽፋለሁ። እግዜር ይይልኝ፣ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ ከሦስቱ ሴቶች ሁለቱን ለቀቋቸው። ብርቄ የለችም። የት ናት ብሎ የሚጠይቅም የለም።

አሥር ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። እማማ አጸደ! በበቅሎ ተጭነው ነው የመጡት፣ የወንድማቸው ልጅ አውርዶ ተሸክሞ አስገባቸው። የተፈቱ ዕለት! እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ደርቋል። ሽመልስን አንገቱን አቅፈው ሳሙት፣ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ፣ የኔ ልጅ» እያሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺም እንኳን ደስ ያለሽ፣ የትሜ» አሉኝ።   ያውቁ እንደሆነ ዓይናቸው ላይ ፈለግኩ፣ ማየት አቃተኝ።

ሽመልስ፣ «ምን ትቆሚያለሽ? ለእግራቸው ውሃ አቅርቢ እንጂ!» አለኝ። እንግዳ ሲመጣ እግር ይታጠባል፣ ደንብ ነው። ማጀት ገብቼ ውሃ ጣድኩ። እዚሁ ምድጃው ዳር ተቀምጬ ነው ይኼን የምጽፈው። እሳቸው ከወዲያ ለሽመልስ ስለ ጌታቸው እያወሩለት ነው፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። ጨርቁ በውሃ ካልራሰ አይላቀቅም። ስፈታላቸው ዓይን ለዓይን መተያየታችን አይቀርም። ውሃው መሞቅ ጀምሯል፣ ምን እንደምላቸው አላውቅም።