ስለ ሐኪማችንና ስለ ስልሳ ሦስቱ ፈራሚዎች

ለተከበሩ የመግቢያ ፈቃድ ማጣሪያ ቢሮ የበላይ ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምመኝልዎ፣ ሐኪም በሌለበት መታመም ምን እንደሚመስል ሰሞኑን በደንብ ስለተማርኩ ነው። እኛ በሰሜን ዳኮታ፣ በኖርድሃይም የምንኖር ስምንት መቶ ሰዎች አንድ ሐኪም ነበረን፤ እናቱን ሊቀብር አገሩ ሄዶ እንዳይመለስ በቢሮዎ ታግዷል።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ዶክተር ሙንተሲር የተወለደው አስጊ ከተባሉት አገሮች በአንዱ፣ በሱዳን መሆኑን አሥራ አንድ ዓመት አብረነው ስንኖር ልብ አላልነውም። የከተማውን ግማሽ ራቁቱን አይቶ ለማንም ትንፍሽ ያላለ ሰው፣ ምስጢር መጠበቅ ይችልበታልና በእርግጥም ያስጠረጥራል።

ሁለተኛ፣ እገዳውን የጠየቅነው እኛው ነን፤ አልክድም። ባለፈው መኸር በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ እራት ላይ፣ ከአስጊ አገሮች የመጣ ሁሉ ይታገድ የሚል፣ ለቢሮዎ የሚላክ የድጋፍ ፊርማ ሲዞር እኔም ፈርሜያለሁ። ዛሬም ቢሆን ማንም ሳይጣራ ይግባ አልልም፤ እኔም የቤቴን በር እቆልፋለሁ። ጉዱ ግን ወረቀቱ የዞረው፣ ለሚቀጥለው እራት ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ከምንመዘገብበት ወረቀት ጋር ተደርቦ መሆኑ ነው። ዶክተራችንም በትሕትና ተቀብሎ አርባ አንደኛው ተራ ላይ ስሙን ጻፈ፤ ከጎኑም «ምስር አመጣለሁ» ብሎ ፈረመ። ቢሮዎ ለስልሳ ሦስታችንም የምስጋና ደብዳቤ ልኮልናል። የእሱ ምስጋናና የእሱ እገዳ የደረሱት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ ከመንግሥት እንዲህ ያለ ቅልጥፍና አይተን አናውቅም።

ሦስተኛ፣ ባለቤቴ አርቪድ ልቡ ደካማ ነው። ሌላ ሐኪም የሚገኘው መቶ አሥር ማይል ርቆ ነው፤ መንገዱም በረዶ ነው። ያን ወረቀት ያዞረው ራሱ አርቪድ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ደረቱን ይዞ፣ «ቨርና፣ ኧረ ሙንተሲርን ጥሪልኝ» አለኝ።

«አሳገድከው እኮ፣ አንተ ሽማግሌ!» አልኩት።

«እሱን መቼ አልኩ! እኔ ያልኩት እዚያ ያሉትን ነው። እሱማ የኛ ነው!»

ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን ከንፈሩ ሲጠቁር አይቼ ፈራሁ፤ አሁንም እንደፈራሁ ነው። ሰውየውን እንደገና መርምሩት፣ አሥር ጊዜም ጠይቁት፤ የተወለደበትን አገር በካርታ አይታችሁ ብቻ ግን በሩን አትዝጉበት።

አራተኛም ነበረኝ፤ ንዴት አስረሳኝ።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ወይም ጸሐፊዎ በእርስዎ ስም ስለሚሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ ለክቡርነትዎ ካለኝ ወሰን የሌለው አክብሮት ጋር፣ በዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ግን አስቤበት፣ እፈርማለሁ።

ቨርና ቶሌፍሰን

ከፈረምኩ በኋላ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል፣ ስለ አርቪድ ሕመም ቀደም ብዬ በስልክ ላቀረብኩት አቤቱታ የቢሮዎ መልስ ደረሰኝ። የባለቤቴ ሕመም አስቸኳይ ከሆነ የዶክተሩ ጉዳይ በልዩ ሁኔታ ሊታይ እንደሚችል ገልጾ፣ ለዚህም ባለቤቴን ከሚከታተለው ሐኪም የተፈረመ ማስረጃ እንዳቀርብ ያዛል። የሚከታተለው ሐኪም ያው እናንተ ያገዳችሁት ስለሆነ፣ እባክዎ እርስዎ አስፈርመው ለራስዎ ያቅርቡልኝ።