እኅታቸው መርዶ ከተረዱ በኋላ የወጣ፦ የጥሪ መልእክተኛችን የዶክተር ኦታካር ሆራቼክ ዕረፍት

ከላይ በር ቅሬ፣ ላሊበላ
ላስታ አውራጃ፣ ወሎ ክፍለ ሀገር
የካቲት 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለቅሬያችን አባላት፣ በፍላቂት፣ በሙጃና በአካባቢው ለሚገኙ ወንድም ቅሬዎች፣ እንዲሁም ሟችን ለሚያውቁ ሁሉ፤

የከብት ሐኪምና የቅሬያችን አባል የነበሩት፣ አገሬውም «ዶክተር ኦታ» እያለ የሚጠራቸው ዶክተር ኦታካር ሆራቼክ ባደረባቸው የልብ ሕመም ጥር 18 ቀን 1979 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ላሊበላ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ቅሬያችን በእኒህ ሰው ሞት እጅግ አዝኗል። ሞተር ብስክሌት ጣላቸው፣ ገደል ገቡ እየተባለ በገበያ የሚወራው ሐሰት ስለሆነ፣ የሰማ ሁሉ እንዲያርመው እናሳስባለን። ያረፉት አልጋቸው ላይ ነው።

ቀብራቸው በማግስቱ ቢፈጸምም ይህ መግለጫ እስከ ዛሬ ዘግይቷል። የዘገየው ጽሕፈት ቤታችን ሰንፎ አይደለም። ሟች በቼኮስሎቫኪያ፣ ብርኖ በምትባል ከተማ የሚኖሩ ወይዘሮ ሚላዳ የሚባሉ ታላቅ እኅት አሏቸው፤ ሌላ ዘመድ የላቸውም። ቅሬው እኒህ እኅት በወጉ መርዶ ሳይነገራቸው አንድም ወረቀት እንዳይወጣ ወስኖ ነበር። በሌላ አገር እድር የሚባለው በእኛ አገር ቅሬ ነው፤ ሥራውም ሰውን መቅበርና ሞቱን ለዘመድ ማድረስ ነው። ዶክተር ኦታ ይህን ሁለተኛውን ሥራ ለዓመታት ሲሠሩልን ኖረዋል። የእሳቸው ሞት በበር ሥር በሚገፋ ቴሌግራም ይሰማ ማለት ለቅሬው የሚዋጥ አልሆነም።

ዶክተር ኦታ በ1923 ዓ.ም. በብርኖ ተወለዱ። እናታቸው በልጅነታቸው፣ አባታቸውም በዓለም ጦርነቱ ማብቂያ ላይ ስለሞቱ ያሳደጓቸው እኅታቸው ናቸው። ከተማቸው በሞተር ብስክሌት እሽቅድድም የታወቀች ናት። በሚያዝያ 1975 ዓ.ም. ዓመታዊ ስብሰባችን ላይ ተጠይቀው ትዝታቸውን ሲያሰሙ፣ አባታቸው ሞተራቸውን የጀርመን ወታደሮች እንዳይወስዱባቸው በድርቆሽ ክምር ውስጥ ቀብረውት እንደነበርና እሳቸውም ክምሩ ውስጥ እየገቡ፣ ከቆመው ሞተር ላይ ተቀምጠው፣ በአፋቸው እያጓሩ በሐሳብ ብዙ አገር እንደዞሩ ገልጸዋል። በኋላም ካደጉ ወዲህ በእውን ብዙ አገር ነድተዋል። ካዩት መንገድ ሁሉ የሚበልጠው ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚያስገባው ነው፣ የሚከፋውም እሱው ነው ብለዋል። ጉባኤው በሁለቱም ተስማምቷል።

በዚያው ስብሰባ ስለ እኅታቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ማለቱን የነበርን ሁሉ እናስታውሳለን። ወይዘሮ ሚላዳ ሞተር ብስክሌት አይወዱም። ወንድማቸው ባመሹ ቁጥር በመስኮት ቆመው ይጠብቁ ነበር። «እኅቴ ዕድሜዋን ሙሉ የምትፈራው አንድ ሰው በር አንኳኩቶ ሞተሩ ገደለው ይለኛል ብላ ነው» ብለዋል ዶክተር ኦታ። ቅሬው መግለጫውን ያዘገየበት ዋናው ጭንቀት ይህ ነው። ቴሌግራም «ሞቷል» ይላል፤ የቀረውን እኅታቸው ራሳቸው ይሞሉታል፤ የሚሞሉትም ከልጅነታቸው ጀምሮ በፈሩት ነገር ነው።

ዶክተር ኦታ በ1970 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት መሠረት ለከብት ክትባት ሥራ ወደ ላስታ ተመደቡ። መኪና ለማይገባበት አገር ይሆናል ብለው የገዛ ጃዋ ሞተራቸውን አስመጡ። የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላቸው እያሰሩ ሙጃም ፍላቂትም ደርሰዋል። ወደ አሸተን ማርያም ሲወጡ ግን ሞተሩን ከተራራው ግርጌ አቁመው ሣጥኑን በትከሻቸው ይሸከሙ ነበር። በመሥሪያ ቤታቸው ወረቀት «ጓድ ዶክተር» ይባላሉ፤ በቅሬ ግን ከዳኛ በቀር ማዕረግ ስለሌለ እኛ ዶክተር ኦታ ብለናቸዋል።

በ1971 ዓ.ም. አንድ የቅሬያችን አባል ሲያርፉ ልጃቸው ወይዘሮ የሻረግ ፍላቂት ነበሩ። በላስታ ሰው በሞተ ማግስት ይቀበራል፤ ሸለቆ ወርዶ ተራራ ወጥቶ የሚመጣ ዘመድ ግን ሲደርስ አፈሩ ተመልሶ ያገኘዋል። ዶክተር ኦታ በዕለቱ ወደ ፍላቂት ይሄዱ ስለነበር ቃሉ በእሳቸው ተላከ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የነገራቸው ሰው አልነበረም። ወይዘሮ የሻረግን የገብስ ገበያ መካከል ስማቸውን እየጠሩ ፈልገው አገኙና፣ አጥርተው በተማሩት አማርኛ «አባትሽ ሞተዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው፤ ነይ ተፈናጠጪ» አሉ። ወይዘሮዋ ከገብሱ ላይ ወደቁ። በቀብሩ ላይ ደርሰዋል፤ ፍላቂት ግን ተቀየመ። በሳምንቱ አቶ አዝመራው የሚባሉ የፍላቂት ሽማግሌ መጥተው «እናንተዬ፣ ከእንግዲህ ሰው ላኩብን እንጂ ሞተር አትላኩብን!» ብለው ቃላቸውን አድርሰዋል።

በ1972 ዓ.ም. መባቻ ዶክተር ኦታ በራሳቸው ጥያቄ ከቅሬው ፊት ቀርበው ጥፋቴን አስረዱኝ አሉ። ያስረዷቸው ከአባላቱ በዕድሜ የገፉት አያ መሐመድ ናቸው። ቃላቸው በሰፈሩ እስከ ዛሬ ስለሚነገር እንዳለ እናቀርበዋለን፦ «አብሽሩ ዶክተር፤ መርዶ ማለት እንዳንቱ ክትባት ነው። ዝም ብለው አይወጉም፤ መጀመሪያ በሬውን የሚይዝ ሰው ያቆማሉ።» ዶክተር ኦታ በዚያው ዕለት የቅሬው አባል እንዲሆኑ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። ክርስቲያንም እስላምም ያለበት ቅሬ ስለሆነ አንድ የቼክ አገር ሰው ቢጨመርበት አልጠበበም።

ከዚህ በኋላ አሠራር ወጣ። የቀብር ጥሪ የያዘ ሞተር ከመንደሩ ዳር ይጠፋል፤ እየተገፋ ይገባል። ቃሉ ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለጎረቤት ሽማግሌ ይሰጣል። ሽማግሌው ሰው ይሰበስባል፤ መርዶውም ጎሕ ሲቀድ፣ የሚይዝና የሚያለቅስ ሰው ባለበት ይነገራል። ዶክተር ኦታ ይህን ከማናችንም በላይ አጥብቀው ያዙት። ዳገት ላይ ያለ መንደር ሲሆን ያን ከባድ ብረት ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ይገፉ ነበር። ነገር ግን ሰው ከጊዜ በኋላ ሞተሩ በጠፋ ቁጥር መርዶ የመጣ እየመሰለው መደንገጥ ስለጀመረ፣ ነዳጅ አልቆ እንኳ ቢቆም ዋይታ ይነሣ ስለነበር፣ ለክትባት ሲሄዱ ከሩቅ ጥሩምባ እየነፉ እንዲገቡ ተጨማሪ ውሳኔ ተላለፈ።

እስከ 1976 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ብዙ ወንድም በወንድሙ፣ ብዙ ልጅ በእናቱ ቀብር ላይ ሊደርስ የቻለው በዚህ ሞተር ነው። መርዶው ከተነገረ በኋላ ሐዘንተኛውን አፈናጥጠው ያመጡት ነበር። ቀሳውስትም ተፈናጥጠዋል፤ አንድ አባት ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ተፈናጥጠው ነፋስ ሁለቱንም ከአጥር ላይ ካሳረፋቸው ወዲህ፣ ጃንጥላ የሚጫነው ታጥፎ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ይህ ውሳኔ አሁንም የጸና ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ የጥሪ ሥራ ቆመ። መርዶ የሚነገርለትና መርዶ የሚነገረው በአንድ ሳምንት ይሄዱ ስለነበር የማን መርዶ ለማን እንደሚነገር አይታወቅም ነበር። ዶክተር ኦታ የሚከተብ ከብት ስላልቀረ አቅም ያነሰውን ሰው እያፈናጠጡ ወደ እህል ማደያው ሲያመላልሱ ከረሙ። በጸጥታው ምክንያት ከአካባቢው እንዲወጡ ታዘው ነበር። ዘግይተው ወጡ፤ ፈጥነው ተመለሱ።

በ1978 ዓ.ም. ቅሬው በክፉው ዘመን ሳይነገሩ የቀሩትን መርዶዎች ማድረስ ጀመረ። ሥራው ከባድ ነበር። አንዳንዱ ዘመድ ወደ ሰፈራ ሄዷል፤ አንዳንዱ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ተቀምጧል። ዶክተር ኦታ የቅሬውን ዳኛ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን ከኋላቸው ይዘው ከሙጃ እስከ ፍላቂት ዞሩ። የቆየ መርዶም መርዶ ነውና በየመንደሩ ዳር ሞተራቸውን አጠፉ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለውን እኛ በቃል ስንናገረው እሳቸው ሲገፉት አይተናል።

በዚህ ዓመት በጥር ወር ዐረፉ። ሃይማኖታቸው ሌላ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ባለው የቅሬው ቦታ ተቀብረዋል። ከፍላቂት ብዙ ሰው በእግሩ መጥቷል፤ ከመጡትም አንዷ ወይዘሮ የሻረግ ናቸው። ሞተር ብስክሌታቸው ለከብት ክትባት ሥራው እንዲውል ለመሥሪያ ቤታቸው ተሰጥቷል።

የቀረው የእኅታቸው ጉዳይ ነበር። ጉዳዩ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ለውጭ አገር ቤተሰብ የሚላከውን ቴሌግራም አዘጋጅቶ ጨርሶ ነበር። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ወልድያ ድረስ ወርደው እንዲቆይ ለመኑ። ኃላፊው አሠራሩ አይፈቅድም አሉ። መሪጌታም «ጌታዬ፣ እኛም አሠራር አለን፤ ይህንኑ ሰውዬ ያስተማርነው ነው» ብለው ከወንበሩ ሳይነሡ ዋሉ። ኃላፊው በመጨረሻ እስከ ሰኞ ጠዋት ብቻ ፈቀዱ። የአባላችን የአቶ ደሞዝ ልጅ ዓለምእሸት በብርኖ ከተማ የምሕንድስና ተማሪ ናት። በአዲስ አበባ በኩል ስልክ ተደወለላት። መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር የነገርናትን ትስማ አትስማ ሳናውቅ ጠፋ። አቶ ደሞዝ ስልኩን ይዘው «ጎሕ ሲቀድ ነው ልጄ! ሰው ይዘሽ! ብቻሽን እንዳትሄጂ!» እያሉ ለዝምታው ሲጮኹ ቆዩ።

ከዚያ ወዲህ የነበረው ጊዜ ለቅሬው እጅግ የከበደ ነበር። የሚደርስልን ወሬ አልነበረም። ዓለምእሸት ቃል የላከችልን በዚህ ወር ነው። ስልኩ ሲጠፋ የሰማችው ግማሹን ብቻ ቢሆንም የላስታ ልጅ ስለሆነች የቀረውን ከቤቷ ታውቀው ነበር። በከተማይቱ የሚማሩ ሌሎች ሦስት ኢትዮጵያውያንን ይዛ፣ ሟችን አንዳቸውም ሳያውቋቸው ነጠላ ዘቅዝቀው ለብሰው፣ እሑድ ጎሕ ሲቀድ በበረዶ ሄዱ። በዋዜማው ከወይዘሮ ሚላዳ በታች ባለው ፎቅ ለሚኖሩት ጎረቤት ነግራ ነበር። ጎረቤቲቱ መጀመሪያ ለምን ዛሬውኑ እንደማይነገር አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ግን ሌሊቱን ሾርባ ሲሠሩ አድረው አብረው ወጡ።

ወይዘሮ ሚላዳ በሩን ከፍተው አምስቱን ሰዎች አዩ። ማን ናችሁ አላሉም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሞተሩ ነው?» ዓለምእሸት «አይደለም። ልባቸው ነው፤ አልጋቸው ላይ ሳሉ ነው» አለች። ወይዘሮዋ ደግመው ጠየቁ፤ ደግማ መለሰች። ያን ጊዜ አለቀሱ፤ ጎረቤታቸው ደገፏቸው። በዚያ አገር ጮኾ ማልቀስ እንዳልተለመደ ዓለምእሸት ገልጻ፣ በሕንጻው ደረጃ ላይ ግን ከየፎቁ በር እየተከፈተ ሰው እንደመጣ አስታውቃለች። ቴሌግራሙ በማግስቱ ሲደርስ ቤቱ ለቅሶኛ ሞልቶት ነበር።

ስለዚህ ይህን መግለጫ ለማውጣት የሚከለክል ነገር ስለሌለ ቅሬያችን ለወይዘሮ ሚላዳ፣ ለሟች የሥራ ባልደረቦች፣ ከብቶቻቸውን ለታደጉላቸው ገበሬዎችና በእሳቸው ምክንያት ለቀብር ለደረሱ ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን እንዲሰጥ ይመኛል።

በመጨረሻም ትናንት በተደረገው ስብሰባ ወይዘሮ ሚላዳ በወንድማቸው ቦታ የላይ በር ቅሬ አባል እንዲሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ርቀቱ ስለሚታወቅ ለቅሶ ከመድረስ ግዴታ ነጻ ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ከእኛ ሰው ሲሞት ለእሳቸውም ይነገራቸዋል።

የላይ በር ቅሬ