ጣሪያ ላይ ያስቀረኸው ዶሮ

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው እንጂ ዛሬስ አንጀቴን አሳርረኸዋል። ስልክ አታነሳም፤ ስታነሳም «ስብሰባ ላይ ነኝ» ትለኛለህ። ጡረታ የወጣ ሰው ከማን ጋር ነው የሚሰበሰበው? ስለዚህ ልጻፍልህ፤ ደብዳቤ ቢያንስ እንደ ስልክ መሃል ላይ አይዘጋብኝም።

ትናንት አሳታሚህ ቤቴ ድረስ መጣ። ሱሪ ሊያሳጥር መስሎኝ ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ተቀበልኩት። ለካ የመጣው ባንተ ጉዳይ ነው። የልጆች መጽሐፍህን ግማሽ ላይ እንዳቆምከው፣ ሰዓሊዋም የግማሹን ሥዕል ጨርሳ እጇን አጣጥፋ እንደተቀመጠች ነገረኝ። ለምን ቢልህ «የማነብለት ልጅ የለኝም፤ ከእንግዲህ አልጽፍም» አልከው። ሰውዬው ጨንቆት እኔን ልጅ ከየት እንደሚገኝ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው? በዚህ ዕድሜዬ ልውለድልህ?

መጻፍ የጀመርከው እኔ ቤት ነው፤ ይሄን አንድም ጋዜጠኛ አያውቀውም። በሬዲዮ ስትጠየቅ ከልጅነትህ ጀምሮ የሥነ ጽሑፍ ፍቅር እንደነበረህ ስታወራ ሰምቼ ከት ብዬ ሳቅሁ። የምን ፍቅር? የኢንሹራንስ ቢሮ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርክ። ትልቋ ልጄ አልበላም ብላ ስታስቸግረኝ ማንኪያውን ተቀበልከኝና ጫማው ስለጠፋበት ዝሆን ትቀባጥርላት ጀመርክ። ሳህኑ ባዶ ሆነ፤ ዝሆኑ መጽሐፍ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ከቤቴ ማን ያስወጣህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ወረቀትህን ይዘህ ትመጣለህ፣ እራትህን ትበላለህ፣ የልጆቹ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለህ ታነባለህ።

ሕግህንማ መቼም አትረሳውም። ልጅ «ሽንቴ መጣ» ብሎ ከተነሳ ታሪኩ እዚያ ጋ ሞቷል ማለት ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርና ከዚያ በታች ያለውን ብጭቅጭቁን ታወጣዋለህ። የስንት ወር ሥራ በአንድ ሽንት። ትልቋ ነገሩን ከነቃችበት ጊዜ ጀምሮ ያልወደደችውን ቀበሮ ለማጥፋት አውቃ ሽንት ቤት ትሮጥ ነበር። ሦስት ቀበሮ አስቀድዳሃለች። ጩጬው ደግሞ ታሪኩን ሲወደው ይዞ፣ ይዞ፣ መጨረሻ ላይ ፍራሹን ያርሰዋል። አንተ «ይሄማ ይሸለማል» እያልክ ትፈነድቃለህ፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ የማሰጣው እኔ ነኝ። እውነትም ተሸለምክ። መድረክ ላይ ወጥተህ አሳታሚውን አመሰገንክ፣ ሰዓሊዋን አመሰገንክ፣ መጨረሻ ላይ «እህቴንም ስለ መስተንግዶዋ» አልክ። ሆቴል ነው እንዴ የከፈትኩት?

መጽሐፎችህ በየትምህርት ቤቱ ገቡ፤ አንተ ግን የማታውቃቸውን ልጆች ስለምትፈራ ትምህርት ቤት ስትጋበዝ ሆዴን አመመኝ ብለህ ትቀራለህ። የኔዎቹ ብቻ ናቸው የማያስፈሩህ። እነሱ ደግሞ አደጉ። ልጅ ያድጋል፤ ምን ይደረግ?

ያኮረፍክበትን ቀን አውቀዋለሁ። ስለ እንቅልፋሙ ዶሮ ታነብ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ የሚነሳው በሱ ጩኸት ነው፤ እሱ ግን ሁልጊዜ ያረፍዳል፣ ሰው ሁሉ ከሥራው ይቀራል። በስንት መከራ ከፍታ እየፈራ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ሊነጋጋ ሲል አንገቱን ቀና አደረገ፣ አፉን ከፈተ። ይሄኔ ጩጬው፣ ጢሙን ያወጣው ጩጬ፣ ስልኩን አየት አደረገና «አጎቴ፣ ይቅርታ፣ ፈተና አለብኝ» ብሎ ተነስቶ ሄደ። ቀይ እስክሪብቶህን እንኳን አላወጣህም። ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ ከተትከው፣ ኮትህን ለበስክ፤ ሻይ ፈልቷል ብልህ ሳትሰማኝ ወጣህ። ከዚያ ወዲህ የቤቴን ደጃፍ አልረገጥክም።

አሁን አንቆኝ የኖረውን ልንገርህ። የስፌት መኪናዬ የት እንዳለ ታውቃለህ፤ ኮሪደሩ ላይ፣ ከልጆቹ ክፍል በር ጎን። በመጣህ ቁጥር ጆሮ ያደነቁራል እያልክ ታማርራለህ። እሺ፣ ስታነብስ? ስታነብ አንድ ቀን ድምፁን ሰምተህ ታውቃለህ? አልሰማህም፤ ስለሚቆም ነው። እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ፣ ጨርቄን ጭኔ ላይ አድርጌ አዳምጥህ ነበር። በዝሆንህ የተነሳ የሙሽራ ቀሚስ ሳልጨርስ አድሬ የሙሽራዋ እናት ደጄ ላይ ስትጮህብኝ ውላለች። ቀበሮዎቹን ስትቀድ አልቅሻለሁ። ሁለተኛው ቀበሮ ምን አጠፋ? ያን ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳን በበሩ ብቅ ብለህ «አንቺስ ምን አልሽ?» ብለኸኝ አታውቅም።

ልጅ ስላልሆንኩ ነው አይደል? ልጅ በነበርኩ ጊዜስ ማን አነበበልኝ? እናታችን ሥራ ስትውል አንተን አዝዬ ነው ልጅነቴ ያለቀው። ያኔ ያመለጠኝን ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ካንተ አፍ ሰማሁት። ይሄን ስጽፍልህ እንባዬ መጥቷል፤ ንዴቴ ግን ይበልጣል፤ እንዳታዝንልኝ።

የማነብለት የለኝም ትላለህ። እኔ ማን ነኝ? ጨርቅ ስቆርጥ ያ ዶሮ ይመጣብኛል፣ ቁልፍ ስተክል ይመጣብኛል። ጮኸ ወይስ ድምፁ ተዘጋ? ወደቀ እንዴ? ሰፈሩ ተኝቶ ቀረ? ይሄን ሳስብ የደንበኛዬን ወገብ አሳስቼ ለክቼ ቀሚሱ አልገባ አላት። አሳታሚህን ጠየቅሁት፤ እሱም አያውቅም።

ስለዚህ ቅዳሜ ትመጣለህ። እየለመንኩህ አይደለም፤ ታላቅህ ነኝ። ጩጬው ከጓደኞቹ ጋር ያጥና፤ አልጋው ባዶ ነው። እኔ አልጋው ላይ እቀመጣለሁ፣ አንተ እንደ ልማድህ ጫፉ ላይ። ካልወደድኩት በአፌ እነግርሃለሁ፣ ስለዚህ ቀይ እስክሪብቶህን ቤትህ ተወው።

ሌላም ነገር አለ። ሐኪሙ ለደም ግፊቴ ያዘዘልኝ ኪኒን በየደቂቃው ሽንት ቤት ያመላልሰኛል። ቅዳሜ አንተ አንብበህ ስትጨርስ ነው የምውጠው። ዶሮው ከጣሪያ እስኪወርድ ድረስ ከዚያ አልጋ ንቅንቅ አልልም።

ከበሩ ጎን የኖረችው እህትህ