ለቪዛ ክፍሉ ኃላፊ፤ ስለ ስድስት ቀንና ስለ አሥራ አንድ ደቂቃ

ለተከበሩ የቆንስላው የቪዛ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት ላይ ሆነው፣ በሚመች ወንበርዎ ተቀምጠው እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም ያመመኝ ደጃፍዎ ላይ ተሰልፌ በመቆሜ ስለሆነ እንደ መታሰቢያ ይዤዋለሁ። በጋዜጣ የምጽፍልዎም ለክብርዎ አስቤ ነው። በፖስታ የላክሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ብቻዎን ማንበቡ ከብዶዎት ይሆናል፣ ሰው ያግዝዎ ብዬ ነው።

ማመልከቻዬን እንዳላነበቡት ከመልስዎ ስለተረዳሁ ራሴን እንደገና ላስተዋውቅ። የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ነኝ፤ ሰዓት እጠግናለሁ። የዛሬ አርባ ሦስት ዓመት የማዘጋጃ ቤቱን ግንብ ኖራ ልቀባ ወጥቼ፣ ቆሞ የአይጥ መኖሪያ የሆነ ትልቅ ሰዓት አገኘሁ። ፈታሁት፤ መልሼ ለመግጠም ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየሳምንቱ መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ወጥቼ እሞላዋለሁ፤ በስምንተኛው ቀን ያልተሞላ እንደሆነ ይቆማል።

የዚህ ሰዓት መንትያ በእርስዎ አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ግንብ ላይ አለ። ጠባቂው እንደ እኔ ያረጀ ሰው ነው። ተያይተን አናውቅም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ግን በሥዕልና በልኬት ተጻጽፈናል። አንድ ጊዜ የእኔ ሰዓት ባለጥርስ ጎማው ቢሰበር፣ አዲስ በእጁ ሞርዶ ልኮልኛል። አሁን የእሱን ሰዓት በኤሌክትሪክ ሞተር ሊተኩበት ነው። የዚህ ወር የመጨረሻ ቀን ለመጨረሻ ጊዜ በእጁ ይሞላዋል፤ የመሙያውን እጀታም አብሬው እንድይዝ ጠርቶኛል። እኔም ስድስት ቀን ለመንሁ። እርስዎ ደግሞ «ከጉብኝቱ በኋላ ለመመለስ የሚያስገድድዎ በቂ ምክንያት አላገኘንም» ብለው በአንድ መስመር ገላገሉኝ። ለዚህና ለሌላውም ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ፎቶግራፉ። የመጀመሪያው ጆሮዬ አልታየም ተብሎ፣ ሁለተኛው ጀርባው በቂ ንጣት የለውም ተብሎ፣ ሦስተኛው ፈገግ ብለዋል ተብሎ ተመለሰልኝ። ሦስተኛውን ባለቤቴ ወስዳ በመስተዋት አስገጥማ ሰቀለችው፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራችን እንዲህ ያለ ነገር ፊቴ ላይ አይታ አታውቅም። የቤታችን ጌጥ ስለሆኑልን እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፤ ስለ መዘግየቴ። ቀጠሮዬ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። እኔ ከአራት ደቂቃ በፊት ደርሼ ሳለ፣ የመጠበቂያ ክፍልዎ ባለ ፔንዱለም ሰዓት ሦስት ከሠላሳ ሰባት ይል ስለነበረ፣ በመዝገብዎ ላይ «ሰባት ደቂቃ ዘግይቷል» ተብዬ ተጻፍሁ። ሰዓቱ አሥራ አንድ ደቂቃ እንደሚቀድም ለዘበኛው ባስረዳ፣ «አባባ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ልክ የሚባለው እሱ ነው» አሉኝ። አርባ አንድ ዓመት ከተማውን ሁሉ ሰዓት አስጠብቄ፣ ዘገየህ ተብዬ የተጻፍሁት በእርስዎ ቤት ብቻ ነውና ይህን ክብር ለልጅ ልጆቼ እነግራለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቃለ መጠይቁ። ከመስተዋቱ ኋላ የተቀመጠችው ሠራተኛዎ ትሕትና ያላት ናት፤ እሷን አልወቅስም። የምሄደው ሰዓት ለማየት መሆኑን ብነግራት፣ እዚህ ሰዓት የለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለ፤ የምሞላውም እኔ ነኝ አልኋት። ታዲያ እሱ አይበቃዎትም ወይ አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ወንድም ያለው ሰው ራሱን በመስተዋት ማየት ይበቃዋል እንደማለት ነው። ቀጥላም የትምህርት ማስረጃ ጠየቀችኝ። የተማርሁት ከሰዓቱ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ወረቀት አይሰጥም። እሷም «የለም» ብላ ጻፈች። እውነቷን ነው፤ የለም።

አራተኛ፤ ስለ መመለሴ። ይህ ከሁሉ ያመመኝ ስለሆነ አላሽሞነሙነውም። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ከተማ ስምንት ቀን ርቄ አላውቅም። የጫጉላ ጉዟችንን እንኳ በስድስተኛው ቀን አቋርጬ ተመልሼ ግንቡ ላይ ወጥቻለሁ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም። ምስክር ብለው ጠርተዋት ቢሆን ኖሮ፣ እባክዎን እዚያው ያስቀሩልኝ ብላ እግርዎ ላይ ትወድቅ ነበር። በእርስዎ ዘንድ ሰውን የሚያስመልሰው የባንክ ደብተር ነው። እኔን የሚያስመልሰኝ ካልተሞላ የሚቆም ነገር ነው፤ ለዚያ ደግሞ በቅጽዎ ላይ ቦታ አልተተወለትም።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ባለቤቴ አንብባ ስድብ ነው ስላለች ሰርዤዋለሁ።

አዲስ ማመልከቻ ዛሬ ጠዋት አስገብቻለሁ፤ በአራተኛው ፎቶግራፍ ላይ የዘወትር ፊቴን ያገኛሉ። አልለማመጥዎትም፤ እንዲያነቡት ብቻ እጠይቃለሁ። ያ ሰው እጀታውን ብቻውን እንዳይዝ ነው ድካሜ ሁሉ።

ሳይሰለቹ እስከዚህ ካነበቡልኝ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና በታመመ ጉልበት እጅ እነሳለሁ።

ከቀጠሮው አራት ደቂቃ ቀድሞ የተገኘው የግንቡ ሰዓት ጠባቂ

ከፊርማዬ በታች፤ ከላይ ያነሣሁት የመጠበቂያ ክፍልዎ ሰዓት የሚገኘው እኔ ሱቅ ነው። ዘበኛዎ ሐሙስ ዕለት በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። ከፔንዱለሙ ሥር ያለችው ብሎን ከልክ በላይ ጠብቃ ኖሯል፤ ሁለት ዙር ባላላት ተስተካከለ። ዋጋ አልጠይቅም። ሰዓቱን ለመረከብ ግን በአካል መቅረብ፣ ጆሮ የሚያሳይ ሁለት ፎቶግራፍ ማምጣት፣ ወደ ቢሮዎ እንደሚመለሱም በቂ ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል። እስከዚያው ግድግዳዬ ላይ ሆኖ ልኩን እየቆጠረ ነው፤ በእሱ ቆጠራ እስከ ወሩ መጨረሻ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶዎታል።