በወንድሜ ስም ስለሚመጣው ዱቄት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለተከበሩ የሯጮች ክለብ ንብረት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎም ለመጋዘንዎም ጤና እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በክለቡ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ሰው ፊት ድምፄ ስለሚጠፋብኝ ነው። ለመጻፍም ፈርቼ ነበር፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኔም ነው። በወንድሜ ፈንታ አሥራ አንድ ጊዜ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ወንድሜ «ቀጭኔ» የምትሉት፣ ልምምድ ላይ ወድቆ ያልተነሳው ልጅ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. ስሙን ከዝርዝሩ ስላላወጣችሁት አመሰግናለሁ። ጎረቤቶቻችን እንኳ ስሙን ማንሳት ትተዋል፤ እናንተ ግን በየወሩ ሁለት ቆርቆሮ የፕሮቲን ዱቄት ትመድቡለታላችሁ። የመጀመሪያው ወር ላስረዳ መጥቼ ነበር። ዕቃ አዳዩ «እህቱ አይደለሽ? ፈርሚና ውሰጂ እንጂ፣ ሰልፉን አታቁሚ» ሲለኝ ፈረምኩ።

2ኛ. ስለ ዱቄቱ ጥራት አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር የወሰድኩት ቆርቆሮ ሥር የታተመው ቀን ካለፈ ስምንት ወሩ ነው። ሲከፈት የከረመ ዘይት ይሸታል፤ ማንኪያ የሚገባበትም በግድ ነው። ቀኑን ለዕቃ አዳዩ ባሳየው «‹ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል› ነው የሚለው የኔ እህት፤ ይገድላል አይልም» ብሎ ሰልፈኛውን አሳቀው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ እስካሁን አላውቅም።

3ኛ. እናቴን ስለምትመግቡልኝ አመሰግናለሁ። ዱቄቱን የምትጠጣው እሷ ናት። በወንድሜ ኮዳ በጥብጣ፣ እሱ ለልምምድ በሚነሳበት ሰዓት፣ እንደሱ ቆማ ትጠጣዋለች። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ኮዳው ውስጥ ያለችው የመበጥበጫ ሽቦ ኳስ ስትንኳኳ እሰማለሁ። በእንቅልፍ ልቤ እሱ የተነሳ ይመስለኝና እግሬን ከአልጋ አወርዳለሁ። ቀጥሎ የምሰማው እናቴ ስታስመልስ ነው። ልብሷ ሁሉ ሰፍቷታል። «ተይው እማ፣ ተበላሽቷል» ስላት «ልጄ ባይኖር ይልኩ ነበር?» ትለኛለች። መልሱን እናንተ ንገሩኝ።

4ኛ. ይህን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። በየወሩ የፈረምኩት ሰልፉን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ያቺ ኳስ ስትንኳኳ፣ እግሬ መሬት እስኪነካ ድረስ፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ሕያውና ሙት ሳይለይ የሚያድለው እጅዎ እንዳይዝል እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በተጭበረበረ ፊርማ፣

የቀጭኔ እህት

ማስታወሻ፦ የቆርቆሮው ቀን ካለፈ ስምንት ወር፣ የወንድሜ ካለፈ ዓመት ሊሆን ነው፤ ሁለቱንም ያየ ሰው ክለቡ ውስጥ ስለሌለ አንባቢ በመሆን ላግዛችሁ አስቤያለሁ። ነገ ዱቄቱ የሚታደልበት ቀን ነው። ቤት የቀሩትን ቆርቆሮዎች ልመልስ ይዤ ሰልፉ ላይ እቆማለሁ። ተራዬ ሲደርስ አልፈርምም፤ በስሙ ትይዩ «ሞቷል» ብዬ እጽፋለሁ። ለዚህ ድምፅ አያስፈልግም። ድምፄን ለቤት አስቀምጠዋለሁ፤ ባዶ እጄን ገብቼ ለእናቴ የምነግራት እኔ ነኝና።