ከብስክሌቱ ኋላ ሆነሽ የነገርሽኝ

ፋርመርስ ብራንች፣ ኅዳር

ውድ ሀሴት፣

እንዴት ነሽልኝ? ፈተናው እንዴት ነው? የዶርሙ ምግብስ ተስማማሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት ስልኩን ስትዘጊው ብዙ ነገር አፌ ላይ ቀረ። አንቺ በስልክ ትቸኩያለሽ፣ እኔ ደግሞ ወሬ ስጀምር ከአዳም ነው፤ ስለዚህ ብጽፍልሽ ይሻላል አልኩ። አማርኛ ማንበብ ጊዜ እንደሚወስድብሽ አውቃለሁ። ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ የሚያስቸኩል ነገር የለውም።

የምጽፍልሽ ላመሰግንሽ ነው። ባለፈው መጋቢት ትምህርት ቤትሽ ለስፕሪንግ ብሬክ ሲዘጋ ስለሄድናት ጉዞ በደንብ አመስግኜሽ አላውቅም።

እናትሽን ሳገባ አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ስንኖር በስሜ ጠርተሽኝ አታውቂም። ጨው ስትፈልጊ እንኳን «ማሚ፣ ጨዉን ፓስ እንዲያደርግ ንገሪው» ነበር የምትይው። ጨዉ እኔ እጅ ነው ያለው፣ እናትሽ ደግሞ ኪችን ናት! እውነቴን ነው የምልሽ፣ አልተቀየምኩሽም። አባትሽ ይገዙ ሲያርፍ ገና ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እሱ በነበረበት ቤት አንድ የባሕር ዳር ሰው፣ ያውም ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን፣ መጥቶ ሶፋው ላይ እግሩን ሲዘረጋ እኔም ብሆን ደስ አይለኝም።

አንድ ቀን ግን ከጋራዥ ስገባ ለእናትሽ «ኮሌጅ ከገባሁ እሱ ያለበት ቤት አልመጣም» ስትያት ሰማሁ። እናትሽ ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች። እኔ ተመልሼ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። እናትሽን ሙሉወርቅን ከልጇና ከባሏ ምረጪ የሚላት ሰው ሊኖር አይገባም። የግድ ከሆነ ከመሀል የምወጣው እኔ ነኝ ብዬ ያን ዕለት ወሰንኩ። አንቺ ለኮሌጅ ስትወጪ እኔም ቤት ልፈልግ አስቤ ነበር። ይህንን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም።

ጉዞው የአንቺ ሐሳብ ነበር፤ ከእናትሽ ጋር የአውሮፓን ከተሞች በብስክሌት ማየት። እኔ የኤርፖርት ሠራተኛ በመሆኔ ቤተሰቤ ትርፍ ወንበር ከተገኘ በነፃ ይበራል፤ ስታንድባይ ነው። እናትሽ የሦስታችንንም ስም አስገባ አለችኝና አስገባሁ። የአንቺን ፊት ግን አይቼዋለሁ። ኤርፖርት መሳፈሪያው በር ጋ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ሁለት ወንበር ብቻ ተገኘ። እኔ ለመቅረት ቦርሳዬን ሳነሳ እናትሽ ሁለታችንንም እየገፋች «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ነገ እደርሳለሁ» አለች። በማግስቱ ሞልቷል ብላ ደወለች። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው አለች። እኔ ግን በስልኬ የሥራ አፕ ላይ ሳየው ወንበር ነበረ። ያን ጊዜ አልነገርኩሽም፣ ይኸው አሁን ነገርኩሽ። እሷን ስጠይቃት እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

አምስተርዳም እንዴት እንደነበርን አስታውሺ። አንቺ ግማሽ ብሎክ ቀድመሽ ትነጂያለሽ፣ የሚያየን ሰው የምንተዋወቅ አይመስለውም። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም ማለፍ አልችልም። አገሩ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በቤተ ክርስቲያን ነው። ባየሁ ቁጥር ፍሬን እይዛለሁ፣ ኮፍያዬን አወልቃለሁ፣ አማትቤ እጅ እነሳለሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ደወሉን ያቃጭልብኛል። አንዴ ተመልሰሽ መጣሽና «ኦ ማይ ጋድ! ባይክ ሌን ላይ ስቶፕ አይደረግም! ደግሞ ይሄ ቸርች አይደለም እኮ፣ ኮንሰርት ነው ያለው» አልሽኝ። እውነትም በሩ ላይ ጊታር የያዘ ጎረምሳ ፎቶ ተለጥፏል። «ቤቱ ግን የእግዚአብሔር ነበር» አልኩሽ። ብስክሌትሽን አዙረሽ ሄድሽ።

ቀጥለን በሄድንባት አንትወርፕ ይባስ ብሎ እመቤታችን ከድንጋይ ተቀርጻ በየቤቱ ማዕዘን ላይ ልጇን ታቅፋ ቆማለች። እንግዲህ ምን ላድርግ? ለቤተ ክርስቲያን የቆምኩ ሰው እሷን ዝም ብዬ ላልፍ ነው? ያን ቀን መንገዱ ጠፍቶሽ ከኋላዬ ነበርሽ። እኔ ድንገት ቆምኩ፣ አንቺ መጥተሽ ገጨሽኝና ድንጋዩ ላይ ወደቅሽ። የእጅሽ አንጓ ወዲያው አበጠ። ፋርማሲ ያለችው ሴትዮ አልተሰበረም ብላ ጠቀለለችልሽ፣ ግን መሪ መያዝ አልቻልሽም። ሆቴል ገብተሽ ለእናትሽ እያለቀስሽ ስትደውዪ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። አለቀ በቃ፣ ይህቺ ልጅ ዕድሜ ልኳን አታየኝም አልኩ።

ምሳ ልግዛላት ብዬ ወጣሁ። ሁዳዴ ስለነበር እኔ በተጠበሰ ድንች ነበር የምኖረው፣ የጾም ነው ብዬ ጠዋት ማታ ስበላ ነው የሰነበትኩት። ለአንቺም ይዤልሽ መጣሁ። ድንቹ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ የተጻፈውን በስልክሽ ተርጉመሽ አነበብሽውና ቀና ብለሽ አየሽኝ። «ጋሼ» አልሽኝ። «ጋሼ፣ የተጠበሰው በበሬ ስብ ነው!» እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ፣ አንቺ ግን አልጋው ላይ ተንከባለልሽ። ያበጠውን እጅሽን ከፍ አድርገሽ ይዘሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። በእኔ ፊት እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም ነበር። ንስሐ አባቴ ስለ ድንቹ የሰጡኝን ስግደት ደስ እያለኝ ነው የሰገድኩት።

በማግስቱ ወደ ቤት እንመለስ ትያለሽ ብዬ ስጠብቅ ዩትሬክት የምትባል ከተማ ትቀረናለች አልሽኝ። እዚያ ስንደርስ ልጃገረዶች ከጓደኞቻቸው ብስክሌት ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ በጎን ተቀምጠው ሲሄዱ አየን። እኔ ባሕር ዳር እህቶቼን ሁለቱንም በአንዴ ጭኜ ገበያ ያደረስኩ ሰው ነኝ፤ «ነይ፣ ከኋላዬ ተቀመጪ» አልኩሽ። መጀመሪያ ጃኬቴን በሁለት ጣትሽ ጫፉን ብቻ ነበር የያዝሽው። አንድ ድልድይ ስንወርድ ግን በደህናው እጅሽ ወገቤን አጥብቀሽ ያዝሽኝ።

ከዚያ ያደረግሽውን ነገር መቼም አልረሳውም። አንገትሽን አስግገሽ መንገዱን ታዪና «ጋሼ፣ ቸርች ኦን ዘ ራይት፣ ስሎው አድርግ» ትይኛለሽ። እጅሽን ዘርግተሽ ለኋለኞቹ ምልክት ትሰጫለሽ፣ እኔ ዳር ይዤ ቆሜ እሳለማለሁ። አንድ ሰው እንኳን ደወል አላቃጨለብንም። ለአንቺ ቀላል ነገር ሊመስልሽ ይችላል። እኔን ግን በዚህ አገር እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው የለም።

በከተማዋ የውኃ ቦይ ዳር ስንሄድ «ስትቆም ምንድን ነው የምትለው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ለእናትሽ ጤና፣ ለአንቺ ትምህርት እለምናለሁ አልኩሽ፤ ከሁሉ በፊት ግን የአባትሽን ነፍስ ይማር እላለሁ። «በምን ስም?» አልሽኝ። ይገዙ እያልኩ ነዋ አልኩሽ። የክርስትና ስሙን አላውቀውም ነበር፤ ሙሉወርቅን የሟች ባሏን የክርስትና ስም ንገሪኝ ማለት አፍሬ ነው።

«ወልደ ሥላሴ ነው» አልሽኝ። ከዚያ ጀርባዬን ተደግፈሽ ስለ ቀብሩ ነገርሽኝ። ቄሱ ወልደ ሥላሴ፣ ወልደ ሥላሴ እያሉ ሲጸልዩ ሰምተሽ ሌላ ሰው የሚቀብሩ መስሎሽ ነበር። «ሶ ደስ አለኝ» አልሽኝ። «ሚስቴክ ነው፣ ዳዲ ቤት ነው ያለው አልኩ። ቤት ስንገባ በየክፍሉ ፈለግኩት። ለማሚ እንኳን ነግሬያት አላውቅም።» ልዞር አልቻልኩም፣ ብዞር እንወድቃለን። ፔዳሉን ብቻ መርገጥ ቀጠልኩ። ያንኑ ቦይ ስንት ጊዜ እንደዞርነው እንጃ፣ ቁም እስክትይኝ አልቆምኩም።

ስንቆም ቤተ ክርስቲያን ፊት ነበርን። ያን ጊዜ አንቺም ወረድሽ። እኔ የአባትሽን ነፍስ በስሙ ጠርቼ ይማር አልኩ፣ አንቺ አሜን አልሽ። ቤት የመፈለጉን ሐሳብ እዚያው ጣልኩት።

ስለዚህ አመሰግንሻለሁ፣ ሀሴት። እናትሽ እንኳን ያልሰማችውን አምነሽ ለእኔ ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ። የአባትሽን ቦታ ፈልጌ አላውቅም፣ ቦታው የእሱ ነው። እኔ የምፈልገው አንቺ ወደ እናትሽ ቤት ሳትሳቀቂ እንድትመጪ ብቻ ነው።

ትናንት ስትደውዪ እንደ ወትሮው ስልኩን ለእናትሽ ላቀብላት ስል «ኖ፣ አንተን ነው» አልሽኝ። ለታንክስጊቪንግ በዓል ኦስቲን ኮሌጅሽ ድረስ መጥቼ እንዳመጣሽ፣ ቤት ከመግባታችን በፊትም አባትሽ መቃብር ጋ እንድናልፍ ጠየቅሽኝ። መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ አልኩሽ። እናትሽን በየዓመቱ ሳደርሳት ከመኪና ወርጄ አላውቅም፣ ይገባኛል ብዬም አስቤ አላውቅም። አንቺ ግን «ኦኬ አይደለም፣ አብረን ነው የምንገባው። ዳዲ ይወቅህ» አልሽኝ። እኔ ዝም ስል መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ዘጋሽው።

አልተቋረጠም፣ ሀሴት። እያለቀስኩ ነበር። የረቡዕ ፈረቃዬን የሥራ ባልደረባዬ ኃይለ መስቀል ይሠራልኛል። ጠዋት ተነስቼ እመጣለሁ፣ አብረን እንገባለን።

አክባሪሽ፣
ጋሼ ይርጉ